መጋቢት ማርች አይደለም

ቆይ እንጅ፣ አታቋርጠኝ! «አንተ አይደለህ እንዴ የአያ ምናለን የበቆሎ ዘር አፈር ያስበላኸው?» አልህ። አዎ፣ እኔ ነኝ። «ስድስተኛ ክፍል ሁለት ጊዜ የወደቀ የባጃጅ ሹፌር ስለ ድሮ ዝናብ ምን አገባው?» አልህ። ሁለት ጊዜ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ ነው፤ ከተናገርህ አይቀር አስተካክለህ ተናገር። «ታዲያ የዘንድሮን መጋቢት ከማሽን በላይ አውቃለሁ ስትል አታፍርም?» አልህ። አላፍርም! ጭራሽ ደረቴን ነፍቼ ነው የምናገረው። አንተ ተቀመጥና ስማ።

ስሜ አንዳርጌ ነው። ሞጣ ላይ በዚህ ስም ብትጠይቅ ግን የሚያውቀኝ የለም። «ማርች» በል፣ ሕፃኑም ቄሱም ጣቱን ቀስሮ ያሳይሃል። ስሙ እንዴት እንደ ወጣልኝ እነግርሃለሁ። ውርደት ነው፤ ግን የኔ ውርደት ራሱ ከስንቱ ክብር ይበልጣል።

ባጃጅ ከመያዜ በፊት ስምንት ዓመት ዝናብ ለክቻለሁ፤ ሁለቱን ቢቸና፣ ስድስቱን ሞጣ። ዝናብ ለካሁ ስልህ እንደ አንተ በመስኮት አንገት አውጥቶ «ኧረ ዘነበ!» ማለት አይደለም። በሚሊ ነው፤ በሰረዝ ነው!

ቢቸና የሄድሁት ሣር ላጭድ ነበር። በሽቦ የታጠረች፣ ሁለት አልጋ የማታስዘረጋ ግቢ ነች። መካከሏ ላይ የዝናብ መለኪያው ቆርቆሮ፣ ጥግ ላይ ደግሞ በአራት እግሩ የቆመ ነጭ የእንጨት ሳጥን። እኔ ሳጥኑን ዘመናዊ ቀፎ ነው ያልሁት። ዙሪያውን ሳጭድ ንብ እንዳይነድፈኝ ፊቴን በሻሽ ጠቅልዬ ነበር። የግቢው ጠባቂ መሪጌታ ላቀው ቆመው ያዩኛል። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የዋሉ፣ ኋላ ግን ዝናብ ለኪ ሆነው ሠላሳ አንድ ዓመት ያችን ግቢ ያልለቀቁ ሽማግሌ ናቸው።

«መሪጌታ፣ ማሩ መቼ ነው የሚቆረጠው?» አልኋቸው።

አልሳቁም። የሳጥኑን በር ከፍተው ሁለት ቴርሞሜትር አሳዩኝ። «ማሩ ይኸውልህ። በየቀኑ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ይቆረጣል።»

አንገቴን አስገብቼ አፍጥጬ ሳይ ትከሻዬን መቱኝ። «ውጣ! አሁን የለካኸው ትንፋሽህን እንጅ የቢቸናን አየር አይደለም!»

በቃ፣ እዚያ ላይ ተያዝሁ። ሣሩን ሳልጨርስ ተማሪያቸው ሆንሁ።

ስማ፣ ሥራው ቀላል ይመስላል። አንዱ ቴርሞሜትር የቀኑን ሙቀት ጫፍ ይዞ ይቆያል፤ አንብበህ ስትጨርስ ይዘህ ታወናጭፈውና ወደ ታች ትመልሰዋለህ። አንዱ የሌሊቱን ብርድ ይይዛል፤ ውስጡ የመርፌ ስባሪ የምታህል ነገር አለች፣ ቱቦውን ዘንበል አድርገህ ወደ ቦታዋ ታንሸራትታታለህ። ዘንበል ማድረጉን የረሳህ እንደ ሆነ የትናንቱን ብርድ ዛሬም ትጽፈዋለህ። ዝናቡን ደግሞ ከቆርቆሮው ወደ መለኪያ ብርጭቆ ትቀዳለህ። «መለኪያ» ሲሉኝ መጀመሪያ የአረቄ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

መሪጌታ አንዲት ጠብታ ሳያፈሱ ይቀዱና ብርጭቆውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ያስቀምጣሉ። ቀጥሎ ጋቢያቸውን ሰብስበው ጭቃው ላይ ይንበረከካሉ። ቀኝ ጉልበታቸውን ብቻ። ዓይናቸው ከውኃው እኩል ሲሆን ያነባሉ፣ ተነሥተው እንደገና ተንበርክከው ያነባሉ፣ ቁጥሩን ጮክ ብለው ለማንም ይናገራሉ፣ ከዚያ በእርሳስ ይጽፋሉ። በእስክሪፕቶ አይጽፉም፤ ዝናብ የነካው ቀለም ይፈሳላ። ውኃ ከዳር ዳር የብርጭቆውን ግድግዳ ይዞ ወደ ላይ ይንጠላጠላል፤ የሚነበበው መካከሉ፣ ዝቅ ያለው ነው። ቆመህ ያነበብህ እንደ ሆነ የሰማይን ሥራ ትሰርቃለህ ይሉኛል።

ከመጀመሪያው ሰረዝ ያልደረሰች ጠብታ ብትሆን እንኳ ዜሮ ብለው አይጽፉም። «ነጠብጣብ» ብለው ይጽፋሉ። አንድ ቀን ዜሮ ብዬ ጽፌ ሲያገኙኝ፣ «የመጣ እንግዳን አልመጣም ትላለህ?» አሉኝ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። መዝገቡና የወር ቅጹ የሚሞላው በፈረንጅ ቀን ነው። እሳቸው ግን በጎን የራሳቸው ደብተር አላቸው፤ በግራ የኛን ቀን፣ በቀኝ የፈረንጁን እያጣመሩ ሁሉን ነገር እንደገና ይገለብጡታል። «ሁለት ጊዜ መጻፍ ምን ይሉታል? የሽማግሌ ሥራ መፍታት ነው» ብዬ ሳቅሁ። ይችን ሳቄን ያዝልኝ፤ ኋላ ትፈለጋለች።

ሁለት ዓመት እንደ ሠራሁ ሞጣ የነበረው ለኪ ለቀቀና እኔ ተተካሁ። መሪጌታ ሲሸኙኝ ምክር አልሰጡኝም፤ ስልክ ቁጥሬን ተቀበሉ። በማግሥቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአምስት ላይ ስልኬ ጮኸ።

«ስንት?»

«ደኅና አደሩ መሪጌታ?»

«ስንት?»

«ነጠብጣብ።»

ዘጉት። ይኸው ዛሬም ድረስ ይደውላሉ። ዓይናቸው ደክሟል፣ የስልኩን ቁልፍ በዳበሳ ነው የሚያገኙት፤ «ስንት?» ማለቱን ግን አልተውም።

ሞጣ ላይ የነበረው አለቃዬ ቅጹ ሦስት ቅጂ ከመጣለት ሰማይ ቢደረመስ ግድ የለውም። ደመወዙንማ አታንሳብኝ። እኔ ግን ንጉሥ ነበርሁ! ገበያ ስወጣ ገበሬው «አንዳርጌ፣ ስንት ጣለ?» ይለኛል። እኔም እንደ ሐኪም ፊቴን አኮሳትሬ እመልሳለሁ። አፌ ደግሞ ታውቀዋለህ፤ ብርጭቆው ያልያዘውን ይጨምራል።

አሁን ወደ ሬሳው፣ ወደ ውርደቴ እንግባ።

ሞጣ ከገባሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። መጋቢት ላይ ዝናቡ ደጋገመ። እኔም ከሳጥን ውስጥ የድሮውን የሞጣ መዝገብ አወጣሁና የብዙ ዓመቱን አማካይ ፈለግሁ። «ማርች» የሚለው መስመር ላይ ጣቴን አሳረፍሁ። የኔን መጋቢት ደመርሁት፤ በልጦ ቁጭ! ኧረ በእልልታ ልሞት ነበር! በልጉ የድሮውን ልክ ጥሶ ገብቷል ብዬ ገበያ ሮጥሁ።

አያ ምናለን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። ከከተማው ወጣ እንዳልህ ሁለት ማሳ አላቸው፤ አንዱ ወንዝ ዳር፣ አንዱ ተረተሩ ላይ። ያን ዓመት ዘራቸው አንድ ስልቻ ብቻ ነበር፤ ሌላ መጠባበቂያ የላቸውም። ይህን አውቅ ነበር፤ ራሳቸው ነግረውኛል።

«አንዳርጌ፣ እንዝራ ወይስ እንቆይ?»

«ይዝሩ አያ ምናለ! ዘንድሮ መጋቢት ከሠላሳ ዓመት አማካይ በላይ ነው!»

«መዝገቡ ነው ይኸን ያለህ?»

«መዝገቡ! በፈረንጅ ቁጥር!»

«እንግዲያ ከፈረንጅ ጋር አልጣላም» አሉና ስልቻውን ይዘው ሄዱ። ወንዝ ዳሩንም ተረተሩንም ዘሩ።

በቆሎው ጣት ሲያክል ሰማዩ ተዘጋ። ሚያዝያን ሙሉ አንድ ጠብታ የለም! መሪጌታ በየጠዋቱ «ስንት?» ይሉኛል፣ እኔ «ዜሮ» እላለሁ፤ «ዜሮ» ባልሁ ቁጥር ድምፄ እየቀጠነ ሄደ። አንድ ቀን ተረተሩ ላይ ወጥቼ አየሁት። ቅጠሉ እንደ ትምባሆ ተጠቅልሏል። በእጄ ስነካው ኮሸሸ። አያ ምናለ ማሳው ዳር ተቀምጠው ነበር።

በማግሥቱ ተነሥቼ ቢቸና ሄድሁ። «መሪጌታ፣ መዝገቡ ዋሸኝ» አልኋቸው።

ደብተራቸውን አወጡ። ሁለቱን መስመር፣ የኛንና የፈረንጁን፣ ገለጡና በመካከሉ የሰንደዶ ስንጣሪ አስቀመጡ።

«መጋቢት መቼ ይገባል?»

«ማርች ከገባ ዘጠኝ ቀን ካለፈ በኋላ።»

«ታዲያ እኒያን ዘጠኝ ቀን የት ጣልሃቸው?»

በጣቴ መቁጠር ጀመርሁ።

«ማርች ላይ የካቲት አለበት፤ ደረቁ የካቲት። ያንተ መጋቢት መጨረሻ ላይ ደግሞ ኤፕሪል ገብቶበታል። ዝናቡ ቀን በጨመረ ቁጥር ነው የሚጨምር። አንተ የደረሰውን ልጅ ካልደረሰው ጋር አቁመህ ረዘመ አልህ። ቀኑን በቀኑ ላይ ብታስቀምጠው፣ የዘንድሮው መጋቢት ከልኩም ያነሰ ነው።»

ሁለት ጊዜ በመጻፋቸው የሳቅኋት ሳቅ መጥታ በኔው ላይ ሳቀች።

«ደግሞስ» አሉ መሪጌታ፣ «ከልኩ ቢበልጥስ ኖሮ? ያለፈው የሚመጣውን ዋስ ይሆነዋል? እኛ የምንለካው የወረደውን ነው። ያልወረደውን የተናገርህ ምን ሆነህ ነው?»

ተመልሼ ገበያ መሐል ለአያ ምናለ ነገርኋቸው። ሹክ ማለት አልችልበትም፤ ጮክ ብዬ ነው፤ «ማርችን ከመጋቢት አምታትቼ ነው ያስፈጀሁዎት!» አልኋቸው። ከኋላ አንዱ ቀልደኛ «እሰይ፣ ማርች!» ብሎ ጮኸ። ገበያው ሳቀ። በዚያው ጸደቀ።

አያ ምናለ ግን አልሳቁም። «ዘርስ ለምኜም አገኛለሁ» አሉ። «አንተን ግን ሁለተኛ አልጠይቅህም።»

አልጠየቁኝምም። ኋላ ባጃጅ ስይዝ እንኳ፣ ጭነት ተሸክመው ዳገቱን በእግራቸው ይወጣሉ እንጅ እኔ ላይ አይወጡም። ጡሩንባ እነፋላቸዋለሁ፤ ዞር ብለው አያዩኝም።

አሁን የምጎርርበት ቦታ ደረስን፤ ወገብህን ጠበቅ አድርግ! ያን ክረምት የሞጣን የድሮ መዝገብ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ቀን በቀን ወደኛ ቀን ገለበጥሁት። ማን? ስድስተኛ ክፍል የወደቀው ሰውዬ! እርሳስ ስንት እንደ ጨረስሁ አትጠይቀኝ። መጀመሪያ ቅጣት ነበር። እየቆየ ግን፣ ወንድሜ፣ እንቅልፍ ነሣኝ! የካቲት ማለት በአብዛኛው ነጠብጣብ ነው። መጋቢት ሲጋመስ ነው ሰማዩ ጉሮሮውን የሚጠርግ። ከሁሉ የገረመኝ ግን፣ ቀድመው የጀመሩ ዓመቶች ብዙዎቹ አታላይ ናቸው፤ ዝናቡ እንደ እንግዳ አንድ ሳምንት አድሮ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ ሚያዝያ ላይ ይጠፋል። የጠዋቱን ብርድም አየሁት። ድሮ የካቲት ላይ የተጻፈውን ቅዝቃዜ እኔ በስድስቱ የሞጣ ዓመቶቼ ሳጥኑ ውስጥ ያገኘሁት ከስንት አንዴ ነው። ሽማግሌዎች «የድሮው ብርድ የት ሄደ?» ሲሉ ወሬ ይመስለኝ ነበር። ወሬ አይደለም፤ እርሳስ ላይ አለ!

ይህን ሁሉ አውቄ በሳል ስሆን፣ ራሱ ለክቶ ራሱ የሚጽፍ ማሽን መጣ። ሞጣም ቢቸናም ተተከለ። እኔ «እናመሰግናለን» ተብዬ ተሰናበትሁ፤ ባጃጅ ያዝሁ። መሪጌታም ጡረታ ወጡ። የተወገደውን የቢቸናን ቆርቆሮ ከነብርጭቆው ጠይቀው ወሰዱና በአውቶብስ ላኩልኝ። ግቢዬ ውስጥ ተከልሁት። በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ባጃጄን አቁሜ እንበረከካለሁ። ተሳፋሪ ይዤ ከሆነም ተሳፋሪው ይጠብቃል። አንዲት ነርስ «ኧረ ሥራ ረፈደብኝ!» ብላ ጮኻብኝ ነበር፤ ኋላ ራሷ ወርዳ ብርጭቆውን ያዘችልኝ።

ዘንድሮ መጋቢት እንዲህ ሆነ። ዝናቡ ገባ፤ ሁሉም አይቷል። ጥያቄው ስንት ነው የሚለው ነው። ማሽኑ «ከልኩ በታች» ይላል፤ ገበሬውም «ገና ነው» ተባለ። የኔ ቆርቆሮ ግን በኛ ቀን፣ ቀኑን በቀኑ ላይ አስቀምጬ፣ ከድሮው አማካይ በላይ ይላል። አፌን መቼ እይዛለሁ? መነኻሪያው ላይ ተናገርሁት። ሹፌሮቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ማርች ደግሞ ጀመረው! ዘንድሮ የማንን ዘር ሊበላ ነው?»

በመጋቢት መድኃኔ ዓለም ዋዜማ፣ ጠዋት ቆርቆሮዬ ላይ ተንበርክኬ ሳለሁ ጥላ ወደቀብኝ። ቀና ስል አያ ምናለ!

«ማርች፣ ስንት ነው?» አሉኝ። ስንት ዓመት ሙሉ የጠበቅሁት ጥያቄ ነው። «ማሽኑ ሌላ ይላል፣ አንተ ሌላ ትላለህ። ዘሬን ይዤ ቆሜያለሁ። እርጥበቱ ካመለጠኝም ጉዳት ነው፣ ብሳሳትም ጉዳት ነው። ማንን ልመን?»

«እኔንም አይመኑ» አልኋቸው። «ይምጡና ይዩ።»

ቆርቆሮዬን ባጃጅ ላይ ጭኜ ማሽኑ ወዳለበት ግቢ ሄድሁ። አያ ምናለ በእግራቸው ተከተሉኝ። ማሽኑን የሚጠብቀው ከድር የሚባል ከወሎ የተመደበ ባለሙያ ነው፤ ዲግሪ አለው፣ ኩራት የለውም።

«ከድር፣ ቆርቆሮዬን ከማሽንህ አጠገብ ልትከል።»

«ማርች፣ ከኮምፒዩተር ልትታገል ነው?»

«ፈራህ?»

«ኧረ ትከል!» ብሎ ራሱ ጉድጓዱን ቆፈረልኝ።

ከሰዓት በኋላ ጣለው! እንዴት ያለ ዝናብ! ባጃጄን ዛፍ ሥር አቁሜ እንደ ሕፃን ዘለልሁ።

በማግሥቱ በዓል ስለሆነ ገበሬው አያርስም፤ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ የሚመለሰው ሁሉ አጥሩ ላይ ተደገፈ። ሹፌሮቹም ሊስቁ መጡ። ከድር ስክሪኑን አይቶ «አምስት ሚሊ» አለ። እኔ ቀስ ብዬ ቀዳሁ። ብርጭቆውን ድንጋዩ ላይ አስቀመጥሁና ልንበረከክ ስል፣ ሐሳቤን ቀየርሁ።

«አያ ምናለ፣ እርስዎ ያንብቡ።»

«እኔ ምን አውቄ?»

«ቁጥር ያውቃሉ። ቀኝ ጉልበትዎን ብቻ። መካከሉን፣ ዝቅ ያለውን።»

ለበዓል ልብሳቸው ሳይሳሱ ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። አነበቡ። ተነሡ። ሳልነግራቸው እንደገና ተንበርክከው አነበቡ። «አሥራ ሰባት» አሉ ጮክ ብለው።

ከድር ቁልቁል አየ፣ ራሱም ተንበረከከ። ከዚያ ሄዶ የማሽኑን ክዳን ፈታው። ውስጡ ጭራሮ፣ ላባ፣ ጭቃ! ወፍ ጎጆ ጀምራበት ቀዳዳውን ደፍናው፣ ውኃው አብዛኛው በላይ እየፈሰሰ፣ የቀረው በስንት ልመና ነበር የሚገባው። አጥሩ ላይ የነበረው ሕዝብ በሳቅ ፈረሰ! ከድርም ሳቀ፣ ጭራሮውን እያወጣ «ይችስ ከእኔ በላይ ዲግሪ አላት» አለ።

ያኔ ስልኬ ጮኸ። ሦስት ሰዓት ከአምስት። ድምፁን ከፍ አድርጌ ለአያ ምናለ አቀበልኋቸው።

«ስንት?»

«አሥራ ሰባት።»

መሪጌታ ድምፁን አላወቁትም። «ያነበበው ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ምናለ። በቆሎዬ የተቃጠለብኝ።»

«በጉልበትዎ ነው?»

«በጉልበቴ ነው፣ መሪጌታ። ሁለት ጊዜ።»

«እንግዲያስ ልክ ነው» አሉና ዘጉት።

አያ ምናለ ስልኩን መለሱልኝ። «ስለዚህ ልዝራ?»

ያ የድሮው አንዳርጌ ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥሁት። «ይዝሩ አልልዎትም። እስካሁን የወረደው ከድሮው አማካይ በላይ ነው፤ ይኸን አይተዋል። ግን እንዲህ ቀድመው ከጀመሩት ዓመቶች ብዙዎቹ ሚያዝያ ላይ ከድተዋል። ከዚህ ወዲያ ያለውን አላውቅም።»

«አላውቅም ማለት መቼ ለመድህ?» አሉኝ። አስበው፣ አስበው፣ ወንዝ ዳሩን ብቻ እዘራለሁ አሉ፤ የተረተሩን ዘር ስልቻው ውስጥ አቆዩት።

ሚያዝያ ሲጋመስ ሰማዩ ተዘጋ። እንዳልሁት ልልህ ፈልጌ ነበር፤ አላልሁም፣ «አላውቅም» ነው ያልሁት። ወንዝ ዳር ያለው በቆሎ እርጥበት ይዞ ተሻገረ። የተረተሩን ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ዝናቡ ሲመለስ ዘሩት። ዘንድሮ አንዲት ፍሬ አልተቃጠለችም!

አላመንህም? ና ወደ ሞጣ! ከድርን ጠይቀው፤ ቆርቆሮዬ ዛሬም ከማሽኑ አጠገብ ነው፣ በየጠዋቱ ያመሳክራል። ነርሷን ጠይቃት። የሳቁብኝን ሹፌሮች ጠይቅ፤ አሁን ባጃጅ ከማስነሣታቸው በፊት «ማርች፣ ስንት ጣለ?» ይሉኛል። ወፏን እንኳ ጠይቃት፤ ቤቷ ፈርሶባት ግቢው ውስጥ ያለው ዛፍ ላይ ሌላ ሠርታለች። አያ ምናለንም ማግኘት አያስቸግርህም፤ ገበያ ቀን ዳገቱ ላይ ቆመህ ባጃጄን ጠብቅ። ከኋላ ወንበር ላይ ስልቻ ታቅፈው የተቀመጡ፣ ቀኝ ጉልበታቸው ጭቃ የሆነ ሽማግሌ ካየህ እሳቸው ናቸው። አስቁመህ ጠይቃቸው!